ገመናና ገበያ በሩቅ አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ ከአምቦና ከጌዶ አልፎ በሚገኘው በእጃጂ ከተማ፣ ሰው ከሚያውቀው ነጋዴ ጋር በገበያ ሲገናኝ፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ኢጆሌን ነጋዻ? ሎን ነጋዻ?» ብሎ የልጆቹንና የከብቶቹን ደኅንነት ይጠይቃል። ይህን ትቶ በቀጥታ ወደ ሒሳብ መግባት እንደ ንቀት ይቈጠራል። ነገር ግን ያው ጠያቂ «ከብቶችህ ስንት ናቸው?» ቢል የተጠየቀው ሰው ፊቱን ያጠቍራል፤ ቍጥር ገመና ነውና፣ ዐይንም ይፈራል። በምሥራቅ፣ በባቢሌ የግመል ገበያ ደግሞ፣ ደላሎቹ ዋጋውን ሌላው እንዳይሰማ በልብስ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ይነጋገራሉ።

ይህ ልማድ ከነጋዴው ጋር አውሮፕላን ይሳፈራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?» ማለት፣ በእጃጂ ትሕትና የሆነውን ያህል፣ ለብዙ ዐረብ ነጋዴ ደስ የማያሰኝ ጥያቄ ነው፤ ሚስት በባዕድ ፊት አትነሣም። ስለ ቤተ ሰብ በጠቅላላው መጠየቅ ይበቃል። ወደ ጓንዡ የተሻገረ ሰው ግን ዕድሜውን፣ የልጆቹን ቍጥር፣ አንዳንዴም የወር ገቢውን ሲጠየቅ ሊደነግጥ አይገባውም፤ በቻይና ይህ የመቀራረብ ምልክት ነው።

እጅግ የሚያስገርመው የሰሜን አውሮፓ ሰው ነው። ስለ ሃይማኖቱና ስለ ደመወዙ መጠየቅን አይወድም፤ ሳይቀጥሩትም ቤቱን አያንኳኩም። ሆኖም በስዊድን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1766 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መዝገብ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ማንም ሰው የጎረቤቱን ግብር የተጣለበት ገቢ መጠየቅ ይችላል። በኖርዌይም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ከ2014 ወዲህ በዚያ የሰውን ገቢ የፈለገ ሰው ስሙ ለተፈለገው ይታያል። የስዊድን አክሲዮን ማኅበሮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያስገባሉ፤ ስለዚህ አስመጪው ከውል በፊት የሻጩን አቅም አስቀድሞ ሊመረምር ይችላል። ከዚያ የመጣ ገዥም የላኪውን ሒሳብ ቢጠይቅ፣ ለስድብ አይደለም።

በአገር ቤት ያለው ባለሱቅስ? የዱቤ ደብተር በመደርደሪያው ላይ ተገልጦ ሲቀመጥ፣ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ የጎረቤቱን ዕዳ ያነባል። ይህን በደል ብሎ የሚከስ ብዙ የለም፤ ደንበኛው ግን ዝም ብሎ ሌላ ሱቅ ይለምዳል። የደንበኛን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለማስታወቂያ መለጠፍን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ከልክሏል፤ ዛሬ ግን ይኸው በቴሌግራም በየቀኑ ይደረጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የደንበኛን ስምና ስልክ መዝግቦ የሚይዘውን ነጋዴ ይመለከታል። ለዱቤው ግን አዋጅ መጠበቅ አያሻም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ትንሽ ደብተር መክፈትና ከመሳቢያ ውስጥ ማኖር ይበቃል።