የፈውስ ስብከት ከሞምባሳ ወደ ሰሜን

የኬንያዋ ሞያሌ በአብዛኛው የሙስሊም ከተማ ናት። ቢሆንም ከኢትዮጵያ ድንበር ወዲያም ሆነ ወዲህ ባሉት የጴንጤቆስጤ ጉባኤዎች በታማሚ ላይ እጅ ጭኖ መጸለይ የተለመደ የአምልኮ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ይህን የፈረንጅ ሚሲዮን ብቻ ያመጣው አድርጎ ያስባል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣበትን መንገድ ስንከተል ግን ኬንያውያን ወንጌላውያንንም እናገኛለን።

የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በዓለም የታወቀው በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ በባርነት የኖሩት ጥቁሩ ሰባኪ ዊልያም ሲሞር በአዙዛ ጎዳና ያደረገው ጉባኤ በልሳን መናገርንና ፈውስን የዘመኑ አማኞችም ድርሻ አድርጎ አስተማረ። በምዕራብ ኬንያ የካናዳ ጴንጤቆስጤዎች በ1924 በኛንጎሪ ሥራ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ግን ሚሲዮኑና ትምህርት ቤቱ ከሰባኪው ይልቅ ይታወቁ ነበር።

ያን የለወጠው 1957 ነው። አሜሪካዊው ወንጌላዊ ቲ. ኤል. ኦዝቦርን ሞምባሳ ላይ ትልቅ የፈውስ ጉባኤ አደረገ። የዘመኑ ሌሎች ፈዋሽ ሰባኪዎች ታማሚዎችን አሰልፈው አንድ በአንድ ይጸልዩላቸው ነበር፤ ኦዝቦርን ግን ለተሰበሰበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጸልያል። ከዚያ የተፈወሰ የመሰለው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል። ዘዴው ብልህ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጉባኤው ከጸሎቱ ይልቅ በምስክሮቹ ይደምቃልና።

በዚያ ጉባኤ ካመኑት አንዱ ጆ ካዮ የተባለ ኬንያዊ ወጣት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት መቀበሉን ተናገረ፤ ወዲያውም በኬንያና በኡጋንዳ ይሰብክ ጀመር። በ1970 ናይሮቢ ላይ ዴሊቨራንስ ቸርች የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። በውጭ ሚሲዮን ሳይሆን በአገሬው ሰው የተመሠረተች በመሆኗ በተለይ የከተማ ወጣቶችንና ተማሪዎችን ሳበች። ካዮ ራሱ በዚያው አሥርት ዓመት ከመሠረታት ቤተ ክርስቲያን ተለየ፤ በኋላ ሌሎች ጉባኤዎችን አቋቁሟል። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ያለ እርሱም ቀጠለች።

ወደ ኢትዮጵያ የዘለቀው ግን ሌላ ኬንያዊ ወንጌላዊ፣ ኦማሄ ቻቻ ነው። ሰሜን ኬንያ በሽፍታ ጦርነት በታመሰችበትና የሞያሌ መንገድ አስጊ በነበረበት በ1960ዎቹ አዲስ አበባና ሐዋሳ ላይ ሰበከ። ከእርሱ በፊት የፊንላንድ ሚሲዮናውያን የሆኑት የማትሶን ባልና ሚስት በ1951 ገብተዋል፤ የስዊድን ፊላዴልፊያ ሚሲዮንም ሐዋሳ ላይ ተቋቁሟል። ቻቻ የሰበከው እነርሱ ባዘጋጁት መሬት ላይ ነው። ነገር ግን በሚሰሙት ወጣቶች ፊት የቆመው ጥቁር አፍሪካዊ ነበር፤ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ ለበሽታ እግዚአብሔርን መለመን አዲስ ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ጠበል ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ ገዳም ይሳላል፤ ሙስሊሙም ቁርኣን ያስቀራል። አዲሱ ነገር ሥልጣኑ ነበር። ቅስና የሌለው ተማሪ፣ ያለ ጠበልና ያለ መስቀል፣ የክፍል ጓደኛው ላይ እጁን ጭኖ በኢየሱስ ስም «ተፈወስ» ይላል። ቤተ ክህነት የተቆጣችው፣ መንግሥትም የተጠራጠረው ስለዚህ ቢሆን አያስገርምም።

በተማሪዎች ጸሎት የተጀመረው እንቅስቃሴ ሙሉ ወንጌል በሚል ስም በ1967 የመንግሥት እውቅና ጠየቀ፤ ተከለከለ። በ1972 አዲስ አበባ ውስጥ ከ200 በላይ አማኞች በአንድ ቀን ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ አዳራሾች ተዘጉ። እዚህ ላይ የሁለቱ አገሮች ታሪክ ይለያል። ኬንያ ውስጥ የፈውስ ስብከት በአደባባይ በድምፅ ማጉያ ሲያድግ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በየሰው ሳሎን፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ አደገ። ታማሚው የሚመጣው በማስታወቂያ ሳይሆን በጎረቤት ጥቆማ ነበር። ደርግ ከወደቀበት ከ1991 በኋላ ደጁ ተከፈተ፤ በ2007 የሕዝብ ቆጠራም ከኢትዮጵያውያን 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነን ብለው ተመዘገቡ።