ስብራቶች ሲጣመሩ፦ የሐይቅና የአምባሰል ምድር ምን ያስተምረናል?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በሐይቅ ከተማ ሲያልፍ ሐይቁ የተኛበትን ዝቅተኛ ስፍራና ከፍ ብለው የቆሙትን የአምባሰል ተራሮች ይመለከታል። ለዚህ ከፍታና ዝቅታ ዋነኛ ምክንያት ፎልት የሚባለው የመሬት ስብራት ነው። ፎልት ማለት ዓለት ተሰብሮ አንዱ ወገን ከሌላው አንጻር የተንሸራተተበት ገጽ ነው።

ሂማልያን በመሳሰሉ ስፍራዎች የምድር ቅርፊት ስለሚጨመቅ አንዱ የዓለት ክፍል በሌላው ላይ እየተገፋ ይወጣል። በወሎ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ከኢትዮጵያ ደጋ እየተላቀቀ በመሄዱ ቅርፊቱ ተለጥጧል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልትም ተሰነጣጥቆ ከፊሉ ወደ ታች ሰምጧል። ቦርከና፣ ሐይቅና ራያ በደጋው ጠርዝ ተከታትለው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ረጅም ስብራት እንዴት ይፈጠራል? በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ብዙ አጫጭር ስብራቶች ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ ላይ መንሸራተቱ በአብዛኛው ወደ መካከሉ ይበዛል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ዜሮ ይሆናል። ጫፉ ላይ ግን ውጥረት ይከማቻል፤ ስብራቱም በዚያው አቅጣጫ ይረዝማል። ያረጀ ነጠላ በሁለት ቦታ ተቀዶ ቢጎተት ቀዳዳዎቹ እየተቀራረቡ እንደሚሄዱ ማለት ነው።

ሁለት ስብራቶች ጫፎቻቸው ጎን ለጎን ሲተላለፉ በመካከላቸው ድልድይ መሰል ተዳፋት ይቀራል። ወንዞች ብዙ ጊዜ ይህን ተዳፋት ተከትለው ይወርዳሉ። መለጠጡ ሲቀጥል ተዳፋቱ ራሱ ይሰበርና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ይህ ለምን ያሳስበናል? የመሬት መንቀጥቀጥ መጠን የሚወሰነው በተንሸራተተው ገጽ ስፋት፣ በተንሸራተተበት ርቀትና በዓለቱ ግትርነት ብዜት ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም 10 ኪሎ ሜትር የሆነ ስብራት በ0.5 ሜትር ቢንሸራተት መጠኑ ወደ 6 ይጠጋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ተጣምረው 20 ኪሎ ሜትር ቢሆኑና መንሸራተቱ 1 ሜትር ቢደርስ ብዜቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ መጠኑም ወደ 6.5 ያድጋል። በካርታ ላይ ተለያይተው የሚታዩ ስብራቶችም አብረው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒውዚላንድ ካይኩራ በደረሰው መጠኑ 7.8 በሆነ መንቀጥቀጥ ከ12 በላይ ስብራቶች በአንድነት ተንሸራትተዋል።

ጉዳዩ ለእኛም የሩቅ አይደለም። በዚሁ የደጋ ጠርዝ፣ ከሐይቅ በስተደቡብ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። በዘመኑ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይመሩ የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን ይህን ክሥተት አጥንተው ጽፈዋል።

ስለዚህ በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በሐይቅ ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ በአቅራቢያው ያለውን ስብራት ርዝመት ብቻ መለካት አይበቃውም። የስብራቱ ጫፍ የት እንደሚያበቃ፣ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በመካከላቸው ያለው ተዳፋትም ተሰብሮ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። መንቀጥቀጥ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ሊደርስ የሚችለውን መጠን ገምቶ ቤትን አጽንቶ መሥራት ግን ይቻላል እንላለን።