አልበራ ያለው ታብሌት የት ይግባ?

እኔ በምኖርባት ወላይታ ሶዶ፣ ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የቡፌው መሳቢያ ውስጥ አንድ የማይበራ ታብሌት አለ። ደቡብ አፍሪካ ወይም ዓረብ አገር ያለ ልጅ የላከው ይሆናል፤ ወይ ለተማሪ ተብሎ የተገዛ። ውድ ዕቃ ስለሆነ አይጣልም፤ “ሞቷል” ስለተባለም አይሠራም።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን እማማ (ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው) እንዲህ ያለውን ታብሌት በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። ውስጡ ሟች ባለቤታቸው ጆሃንስበርግ ላለው ልጃቸው የተናገሩት ቪዲዮ አለ፤ ኔትወርክ እንቢ ብሎ ሳይላክ የቀረ። የሽማግሌው ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። “ልጄ፣ ዕቃው ይቅርብኝ፤ ድምፁን ብቻ አውጡልኝ” አሉ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛችሁ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። ታብሌቱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት። ከተወዛወዘ፣ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ካለ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ የሚያብጠውም በዚህ ነው። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይበሳም። ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አውጡት።

ካላበጠ ተስፋ አለው። ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ጨርሶ ሲራቆት ውስጡ ያለው መከላከያ ይዘጋዋል፤ ቻርጀር ቢሰካም ለብዙ ደቂቃ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ብዙዎቻችን አምስት ደቂቃ አይተን “ሞቷል” የምንለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ የድሮ ስልክ ቻርጀር 5 ዋት ገደማ ሲሰጥ፣ ታብሌት 10 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የቻርጀሩን ቀዳዳ በእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ አጽዱ (የበጋው አቧራ እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ ብታዩ ትገረማላችሁ)፤ ደህና ገመድና ቻርጀር ተዋሱ፤ ሰው ባለበት አንድ ሁለት ሰዓት ሰክታችሁ ተዉት። ከዚያ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ሳትለቁ ተጫኑ። በብዙ ሳምሰንጎች ማብሪያውና የድምፅ መቀነሻው አንድ ላይ ይጫናሉ። ድምፅ አሰምቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት አብሩበት። ምስሉ በደብዛዛው ከታየ የሞተው የስክሪኑ መብራት እንጂ ታብሌቱ አይደለም።

የእማማ ታብሌት አብጦ ስለነበር በቀጥታ ጥገና ቤት ወሰድነው። የመጀመሪያው ቤት ገና ሳይከፍተው “ፍላሽ ይደረግ” አለን። ይህን ቃል ስትሰሙ ንቁ! ፍላሽ ማድረግ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶና ቪዲዮውን ጠራርጎ ያጠፋል። ዕቃችንን ተቀብለን ወጣን። መናኸሪያው አካባቢ ያገኘነው ሁለተኛው ወጣት መጀመሪያ የጠየቀን “ውስጡ የምትፈልጉት ነገር አለ?” ብሎ ነው። ያበጠውን ባትሪ አወጣ፤ ቦርዱ ከተቃጠለ ተመሳሳይ ታብሌት ባትሪ ፈትቶ ገጠመለት። በራ። ቪዲዮው ወደ ሜሞሪና ወደ ሁለት ስልኮች ተገለበጠ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እዚያው በርጩማው ላይ ሰሙት፤ ወጣቱም ሒሳብ ለመጠየቅ አፍሮ ቆመ።

ያበጠው ባትሪ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። የእማማ የልጅ ልጅ “እኔ ከቆሻሻው ጋር አቃጥለዋለሁ” አለ፤ ለማገዝ ብሎ ነው። ወላይታ ውስጥ የቤት ጥራጊና አመድ የሚሄደው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ለዘመናት እንሰቱን ያወፈረው ይኸው ነው፤ ያኔ ግን ጥራጊው ቅጠልና ፍግ ነበር። ባትሪ ውስጥ ኮባልትና ኒኬል አለ፤ ቦርዱ ላይ መዳብ፣ በቆዩት ዕቃዎች ላይ ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት። እሳት እነዚህን አያጠፋቸውም። አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱም ቆጮ የምንፍቅበት ተክል ሥር ይደፋል። ከመሳቢያው ታብሌት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም ወጥቷል። ለፈታትቶ መለየት የተቋቋመው ማዕከል ግን አዲስ አበባ፣ አቃቂ ነው፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አንድ ታብሌት የሚያደርስ ሰው አላውቅም። በዓለም ደረጃም በ2022 እ.ኤ.አ. ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩብ አይሞላም። እንግዲህ ለሶዶ ሰው የቀረበው ደጃፍ የጥገና ቤቱ ነው። የእናንተ የሞተ ቦርድ ላለው ስክሪን፣ የጎረቤት የተሰበረ ስክሪን ላለው ቦርድ ይፈለጋል። ለልዋጭ ባትሰጡት እመርጣለሁ፤ መዳቡን ለማውጣት የሚቃጠለው ብዙ ነው። ያበጠውን ባትሪ ወጣቱ ደረቅ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ቀብሮ ውጭ አስቀመጠው። ቤት ውስጥ ካጋጠማችሁ፣ እስክታስረክቡት ድረስ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ከመስጠታችሁ በፊት ሲምና ሜሞሪውን አውጡ። ታብሌቱ ባይበራም በሌላ ስልክ ወደ ጉግል አካውንታችሁ ገብታችሁ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር አስወጡት። ነገ ሌላ ሰው ቢያስነሳው ወደ ጉግል አካውንታችሁ እንዳይገባ ይረዳል፤ ታብሌቱ ላይ የተቀመጠውን ግን አያጠፋም።

ደህና ሆኖ ለጊዜው የማይፈለግ ታብሌት ካላችሁም እንዲሁ አትተዉት። ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ያህል ታብሌት ተገዝቶ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም ሲራዘም፣ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ባትሪዎቹ ነበር። ባትሪ ባዶውንም ሙሉውንም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይጎዳል። ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አጥፉት፤ በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ ወደ ግማሽ መልሱት። እኔ እንዳልረሳው ለጊፋታና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ነው የማወጣው።