የውሻ እከክ፤ ምልክቱ፥ ሕክምናውና መከላከያው

ውሻ በባላገር ቤት በጉን ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቅ፥ ሌሊት በደጅ የሚያድር ዘበኛ ነው። ጠጕሩ ረግፎ፥ ቆዳው ተላልጦ ሌት ተቀን ሲያክ በታየ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ከግቢው ያባርረዋል፤ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል። ሁለቱም ጉዳት ነው። የተባረረው ውሻ በየመንደሩ ሲዞር በሽታውን ያዛምታል፤ ዘይት የተቀባውም ገላውን ሲልስ መርዙን ይውጣል። ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት ለሕዝቡ አስቀድማችሁ ልታስረዱት የሚገባው፥ ማሳከክ የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አለመሆኑን፥ ከመድኀኒትም በፊት ምክንያቱን መለየት እንደሚያስፈልግ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳርኮፕቴስ የምትባል፥ በዐይን ለማየት የምታዳግት ስምንት እግር ያላት ተባይ የምታመጣው እከክ ነው። እንስቲቱ በላይኛው ቆዳ ውስጥ መንገድ እየማሰች እንቍላሏን ትጥላለች፤ እንቍላሉም ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሌላ ተባይ ይሆናል። የሰውን እከክ እንዲህ ያለች ተባይ እንደምታመጣው ቦኖሞ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1687 ዓ.ም. በአጕሊ መነጽር አይቶ ገልጾ ነበር፤ ሐኪሞች ግን ነገሩን አምነው እስኪቀበሉት ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ዐለፈ።

ይህ እከክ በጆሮ ጫፍ፥ በክርንና በሆድ ሥር ይጀምራል፤ የጀርባው መካከል ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቈያል። የጆሮውን ጫፍ በጓንት ይዘው ቢያሹትና ውሻው የሚያክ መስሎ የኋላ እግሩን ቢያንቀሳቅስ፥ ጥርጣሬው ብርቱ ነው። ከቆዳው ተፍቆ በመነጽር ሲመረመር ተባይቱ ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ አልተገኘችም ተብሎ ግን ውሻው ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ባለቤቱ ወይም ልጆቹ ክንዳቸውና ሆዳቸው ላይ ሽፍታ ወጥቶባቸው እንደሆነ መጠየቅ ይጠቅማል። የውሻ ተባይ በሰው ገላ ላይ ዘሯን ለመተካት ስለማትችል፥ ውሻው ሲድን ሽፍታውም ይጠፋል።

ማሳከኩ በጅራት ሥርና በወገብ ላይ ከበረታ ግን ቍንጫ ይሆናል። ከጠጕሩ መካከል የሚገኘውን ጥቍር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢያደርጉት ቀይ ከሆነ የቍንጫ ኵስ ነው። ብዙ ሳያሳክከው በዐይኑና በአፉ ዙሪያ ጠጕሩ የሚረግፍ ቡችላ በሌላ ተባይ የታመመ ነውና ወደ ሰው አይተላለፍም። ክብ ሆኖ የሚላጠው ጭርት ግን ሕፃናትን ይይዛል።

የበግና የፍየል ቆዳ ነጋዴዎች እከክ የሚሉትን ጉዳት ባላገሩ አንዳንድ ጊዜ በውሻ ያሳብባል። ይህ ጉዳት በአብዛኛው ከበጎቹና ከፍየሎቹ ከራሳቸው ቅማልና ሌላ ተባይ የሚመጣ ስለሆነ፥ ውሻውን በመግደል ቆዳው አይድንም።

ሕክምናው የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መርዝ በውሻ ላይ ማፍሰስ ለሃጭ አስዝርቶና አንቀጥቅጦ ሊገድለው ይችላል። ለከብት በመርፌ የሚሰጠው አይቨርሜክቲንም ለውሻ በግምት አይለካም፤ ኮሊ በሚባለውና በዘመዶቹ ዘር ውስጥ በደም የሚወረስ ጕድለት ስላለ እነዚህን ውሾች ይገድላቸዋል። ዛሬ ቍንጫን፥ መዥገርንና የእከክ ተባይን በአንድነት የሚገድሉ የሚዋጡ እንክብሎች አሉ። እነርሱ በማይገኙበት አገር በኖራና በድኝ የተሠራው የጥንቱ ማጠቢያ፥ ሽታው ቢከፋም፥ በየሳምንቱ ለጥቂት ሳምንታት ቢደጋገም ይፈውሳል። አንዱን ብቻ አክሞ ሌሎቹን መተው ግን ድካም ነው፤ አብረው የሚያድሩት ውሾች ባያኩም እንኳ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው።

የሚተኛበት ገለባ ይቃጠል፤ ጨርቁም በፈላ ውሃ ይታጠብ። የእከክ ተባይ ከውሻው ገላ ወጥታ በቀዝቃዛና በእርጥብ ስፍራ ብዙ ቀን ትቈያለች፤ የቍንጫ እንቍላልም ከወለሉ ትቢያ ውስጥ ወድቆ ያድጋል። ስለዚህ ቤቱ ካልተጠረገ ውሻው በወሩ ተመልሶ ይታመማል።

የታመመውን ውሻ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ አፉን በጨርቅ ይሰር፤ ቍስሉ ስለሚያመው ይናከሳልና። ከተነከሰም ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፥ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።