ምንጣፉን ያስነሣኝ የልጅ ልጄ

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ አስም ያለባቸው ልጆች እናቶችን «ቤታችሁን ከአቧራ ጠብቁ» ስል ኖሬያለሁ። የራሴ ሳሎን ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወፍራም ምንጣፍ ነበረው። የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ባደረ ቁጥር ሲያስል ያነጋል። አንድ ቀን ልጄ፣ «እማዬ፣ የሚብስበት እኮ እዚህ ሲያድር ነው» አለችኝ። አፈርኩ።

ምንጣፉ ሲነሣ ከሥሩ የወጣው አቧራ በአካፋ የሚዛቅ ነበር። ወፍራም ምንጣፍ ሲጠረግ አቧራው ይቦናል እንጂ ተጠርጎ አያልቅም፤ ሽንት ወይም ወተት ከፈሰሰበትም ውስጡ ቶሎ አይደርቅም።

አሁን ወለሌ ሴራሚክ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ሴራሚክ ስትመርጡ ግን የሚያንሸራትተውን ተዉት፤ እንደ እኔ ዕድሜው ለገፋ ሰው አንድ መውደቅ የዳሌ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። አቅም ካልፈቀደ ፕላስቲክ ምንጣፍ ይበቃል፤ እንዳያደናቅፍ ጠርዙ በደንብ ይጣበቅ። ለመኪናም ወጥቶ የሚታጠብ የጎማ ምንጣፍና የሚወልቅ የወንበር ልብስ ይሻላል።

ስታጸዱ በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የልጁ አስም አልጠፋም፤ መድኃኒቱንም አላቋረጠም። ባለፈው ቅዳሜ ግን እኔ ዘንድ አድሮ ሳያስል ነጋ።