አረጋውያንን ከመውደቅ ስለ መጠበቅ

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በእግሩ የወረደ ሰው፥ ቍልቍለት ከአቀበት ባላነሰ ጕልበትን እንደሚፈትን ያውቃል። ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቍልቍል ሲወርዱ ግን የጭን ጡንቻ ገላን እንደ ልጓም ይዞ ማዘግየት አለበት። ጉሙ በወረደ ቀን ደግሞ ዓይን ስለማያይ እግር እየዳሰሰ ይሄዳል። የዚህ አገር ሰው ሚዛኑን መጠበቅ የሚማረው እንዲህ፥ ሳያስበው ነው።

በእርጅና ግን ይህን ትምህርት የምናስረሳው እኛው ልጆች ነን። እናታችን አንድ ቀን ደፍ ላይ ቢደናቀፉ፥ «እምዬ፥ አይነሡ፤ እኛ እናመጣለን» አልን። ውሃ መቅዳቱንም እሳት ማንደዱንም ከእጃቸው ወሰድን። ክረምቱ ሲያልፍ ከመደብ ለመነሣት ሁለት ሰው የሚያስፈልጋቸው ሆኑ። ያከበርናቸው መስሎን እግራቸውን አሰርነው።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዓይኑ፥ በውስጥ ጆሮውና ከእግሩ በሚመጣው ስሜት ነው። በእርጅና ሦስቱም ይደክማሉ፤ ያልሠራ ጡንቻም ይመነምናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684,000 ሰው ይሞታል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የወጣ፥ 108 ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ፥ የሰውነት እንቅስቃሴ የአረጋውያንን መውደቅ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይልቁንም የሚጠቅመው ሚዛንን የሚያሠለጥነው ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ከባድ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፤ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ መቆም፤ ወደ ጎን መራመድ፤ ከወንበር ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ። በሳምንት ሦስት ቀን፥ ሰው በአጠገብ ቆሞ፥ ጥቂት በጥቂት ይደረግ። ደጋግሞ የወደቀ ወይም ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ምክንያቱ የሚወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላልና።

በዲቁናችን ዘመን ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆሙትን ሽማግሌዎች እናደንቅ ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ጊዜ ገላቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ይህ ለጸሎት እንጂ ለሕክምና አልተሠራም፤ ቢሆንም ዛሬ ለአረጋውያን ከሚታዘዘው ልምምድ ብዙ አይርቅም።

እናታችን አሁን በየጠዋቱ ምሰሶውን ይዘው ተረከዛቸውን ያነሣሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ይቈጥሩላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ጀበናውን ራሳቸው አንሥተው ሲመጡ ለመቀበል ብድግ አልንና፥ «ተቀመጡ» አሉን።