ለድራማ ይለቀሳል እንዴ?

«አንቺ ደግሞ! ለድራማ ታለቅሻለሽ?» አላትና ሳቀባት። አልቃሿ ጓደኛዬ ናት፤ ሳቂው ደግሞ ፍቅረኛዋ። ሦስታችን ሆነን «ማሽ» የተባለውን የድሮ የአሜሪካ ድራማ የመጨረሻ ክፍል እያየን ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም. ይሄው ክፍል አሜሪካ ሲታይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። ታሪኩ የኛም የቃኘው ዘማቾች በተዋጉበት የኮሪያ ጦርነት ላይ ስለነበረ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ነው። ጦርነቱ በ3 ዓመት ቆመ፤ ድራማው ግን ከ10 ዓመት በላይ ሄደ! ይህን ያህል ጊዜ ቤትህ የገባ ሰው ዘመድ አይሆንም?

መጨረሻው ላይ አንዱ ሐኪም ጓደኛውን «ደህና ሁን» ማለት ያቅተዋል። ጓደኛው በሄሊኮፕተር ሲነሳ ቁልቁል ያያል፤ ስንብቱ መሬት ላይ በድንጋይ ተጽፎለታል። እንባዋ ዱብ ዱብ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ስማ ወንድሜ፣ ታላቅ እህቷ ቤይሩት የሄደችው በሌሊት፣ ሳትሰናበታት ነው። (ይቅርታ እህቴ፣ አወጣሁብሽ።) ለመሆኑ አንተ ጠይቀሃት ታውቃለህ?